በዝግታ የሚበስል የሥጋና የአትክልት አልጫ፦ ለቤተሰብ የሚበቃ አንድ ድስት

ትንንሽ ልጆች፣ ጨጓራ የሚያማቸው አዛውንትና ጠገብ የሚያደርግ ምግብ የሚፈልጉ ጎልማሶች በአንድ ገበታ ሲቀመጡ ሁሉንም የሚያስማማ ወጥ ማግኘት ይቸግራል። በርበሬ የበዛበት ቀይ ወጥ ለልጆች አይሆንም። ጥብስ ደግሞ ጥርሳቸው ለደከመ ሰዎች ይከብዳል። ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ያለበት አልጫ ግን ሁሉም ይበላዋል። ከረጅም ፆም በኋላም ለሆድ የሚቀለው እሱ ነው። አጥንቱ ለመረቁ ጣዕም ይሰጣል፣ አትክልቱ ድስቱን ይሞላል፣ ሥጋውም ሲቆጠብ አይታወቅበትም።

ይህን ወጥ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሰዓት እናውራ።

ሰዓቱ ለምን ይረዝማል?

ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው የውጭ አገር አሠራሮች «አንድ ሰዓት ተኩል ይብሰል» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ በዚያ ሰዓት ድስቱን ስትከፍቱ ሥጋው ገና ጎማ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሥጋ ቤቱን ይወቅሳል፤ ወይም እሳቱን ይጨምራል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው።

አንደኛው ከፍታችን ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ከዚያም ከፍ ትላለች፤ እዚያ ወደ 90 ይጠጋል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል 96 ይደርሳል። አንድ ዓይነት ሥጋ፣ አንድ ዓይነት ድስት ይዛችሁ ድሬዳዋ ብትሠሩት ቶሎ ይደርሳል፣ ደብረ ብርሃን ብትሠሩት ይዘገያል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ሙቀቱን አይጨምርም። አዲስ አበባ ላይ የሚንተከተከውም፣ ክዳን እያነሳ የሚንፈቀፈቀውም ውሃ ያው 92 ዲግሪ ነው። በኃይለኛው እሳት የምታገኙት ትርፍ ቶሎ የሚያልቅ መረቅ፣ የተበታተነ ድንች፣ ሲከፋም ያረረ ድስት ነው። ከሰሉም ጋዙም በከንቱ ያልቃል።

ሁለተኛው ምክንያት እንስሳው ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ በሬ ለዓመታት ካረሰ በኋላ ነው ደልቦ ለሥጋ የሚቀርበው። የሠራ ጡንቻ ጅማቱ ጠንካራ ነው። ሥጋውን በሥጋው የሚያያይዘው ኮላጅን የሚባለው ነገር ከእድሜ ጋር እየጠነከረ ይሄዳል። ደስ የሚለው ነገር ይህ ኮላጅን በዝግታ ሲሞቅ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል። ከንፈር ላይ ትንሽ የሚያጣብቅ፣ ወፈር ያለ መረቅ የሚሰጠን እሱ ነው። ጅማት የሌለው ለስላሳ ሥጋ ይህን መረቅ በጭራሽ አይሰጥም።

ስለዚህ እዚህ የምሰጣችሁ ሰዓት ግምት ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የምትሰጠው ሹካ ናት።

ሥጋውን መምረጥ

ሥጋ ቤት ገብታችሁ «ለወጥ» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ለዚህ ወጥ የሚሆኑት ፍሪምባ፣ ወርችና ጎድን ናቸው። አንድ ሁለት ቁራጭ ቅልጥም ማስጨመር አትርሱ፤ በመጋዝ ይቁረጡላችሁ። ጭቅና ለዚህ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ረጅም እሳት ያደርቀዋል፤ ለጥብስ ተዉት።

ጮማውን በሙሉ አታስወግዱ። ከላይ ያለውን ወፍራም ጮማ ቀንሱ፣ በሥጋው መሃል ያለውን ግን ተዉት። ጅማቱንም አትልቀሙ። አብዛኛው ሰው «ተጣርቶ ይምጣልኝ» ይላል፤ ለዚህ ወጥ ያ ተጣርቶ የሚወጣው ነገር ነው የሚፈለገው።

በዕለቱ የታረደ ሥጋ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ከእርድ በኋላ ጡንቻው ይደርቃል፣ ቆይቶ ነው የሚላላው። ጠዋት ገዝቶ ለምሳ ማድረስ ከባድ የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው።

በግ ወይም ፍየል የምትመርጡ ከሆነ አሠራሩ አይለወጥም፤ ሰዓቱ ግን ያጥራል። ወጣት በግ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ቸክ ሮስት፣ ሾርት ሪብ ወይም ሻንክ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ጅማትና ጮማ ያላቸው ናቸው። «ስቲው ሚት» ተብሎ ተከትፎ የሚሸጠው ከተለያየ ቦታ ስለሚቀላቀል አንዱ ሲበስል ሌላው ይደርቃል። ባትገዙት ይሻላል።

የሚያስፈልገው

ይህ መጠን ከ6 እስከ 7 ሰው ይበቃል።

– 1 ኪሎ የበሬ ሥጋ (ፍሪምባ ወይም ወርች)
– ግማሽ ኪሎ ቅልጥም ወይም ጎድን ከነአጥንቱ
– 5 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ
– 1 ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል፣ አንድ ላይ የተወቀጠ
– 1 የሻይ ማንኪያ ከሩብ እርድ
– 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
– 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ
– 4 ካሮት
– 6 መካከለኛ ድንች
– አንድ እፍኝ ፎሶሊያ
– ግማሽ ራስ ትንሽ ጥቅል ጎመን
– 4 ቃሪያ
– ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ
– ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ፍል ውሃ

ቲማቲም የለበትም፤ የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። አንደኛ የአልጫውን ቢጫ መልክ ይለውጠዋል። ሁለተኛ ኮምጣጣ ነገር አትክልት እንዳይላላ ያደርጋል። ድንች በቲማቲም ውስጥ ሰዓቱን ሙሉ ቆይቶ ውስጡ ጠጠር የሚለው ለዚህ ነው። ኮምጠጥ እንዲል ከፈለጋችሁ ሎሚ ገበታ ላይ ጨምቁበት።

ድስቱ

ወፍራምና ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ድስት ይኑራችሁ። የሸክላ ድስት ካላችሁ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። አዲስ ከሆነ ግን ሳይሟሽ እንዳትጥዱት፤ ይሰነጠቃል። የሞቀ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ያው ነው። ሸክላ ከሌላችሁ ወፍራም የብረት ድስት ይሆናል። ስስ አልሙኒየም ብቻ ያላችሁ ከሆነ እሳቱን በጣም አሳንሱና ሥሩን ቶሎ ቶሎ አማስሉ።

አሠራሩ

መጀመሪያ ሥጋውን ቁረጡ። እንቁላል ከሚያክል ቁራጭ አታሳንሱት። የጥብስ ያህል ከተከተፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተበጣጥሶ መረቁ ውስጥ ይጠፋል። ከታጠበ ውሃውን በደንብ አጠንፍፉት። ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ ሽንኩርቱ እስኪደርስ አቆዩት። ጨው ሥጋ ያደርቃል የሚባለውን አትስሙ፤ ለረጅም ሰዓት የሚበስል ሥጋ ቀድሞ ጨው ካልገባው ውስጡ ጣዕም አይኖረውም።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጣዱት። መካከለኛ እሳት ላይ በራሱ ውሃ እየተቁላላ ይቆይ። እዚህ ላይ ከቀይ ወጥ ይለያል። ለቀይ ወጥ ሽንኩርቱ እስኪጠቋቁር ብንታገስም፣ ለአልጫ መቅላት የለበትም። ሊይዝ ሲል አንድ ሁለት ማንኪያ ፍል ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ለስልሶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መልክ ይዞ፣ የጥሬነት ሽታው ይጠፋል። የአልጫው ውፍረት ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ አታሳጥሩት።

ዘይቱን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አቁላሉ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን፣ ተከትሎም እርዱን ጨምሩ። እርድ በደረቅ ድስት ቶሎ ያርና ይመራል። ገብቶ አንድ ሁለት ጊዜ ከተማሰለ በቂ ነው።

አሁን ሥጋውንና አጥንቱን አንድ ላይ ጨምሩ። እሳቱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አገላብጡት። ሥጋው የራሱን ውሃ ያወጣል። ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ያ ውሃ እስኪመጥ ጠብቁ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። አንዳንዶች ሥጋውን ለብቻው ጠብሰው ያስገባሉ። ለቀይ ወጥ ጥሩ ነው። ለአልጫ ግን የጠራውን ቢጫ መልክ ስለሚያጠቁረው እኔ አልመርጠውም።

ፍል ውሃውን ጨምሩ። መጠኑ ሥጋውን አልፎ አንድ ጣት ያህል ይሁን፤ የተረፈውን በጎን አስቀምጡት። ቀዝቃዛ ውሃ አታድርጉ፤ የተጀመረውን መብሰል ያቋርጠዋል። ሲፈላ የሚመጣውን አረፋ በጭልፋ ግፈፉት።

ከዚህ በኋላ እሳቱን ወደ መጨረሻው ዝቅ አድርጉት። ድስቱን ስታዩት እዚህም እዚያም አልፎ አልፎ ፍልቅ፣ ፍልቅ እያለ መንተክተክ አለበት። ከሰል ላይ ከሆናችሁ ፍሙን አመድ ሸፈን አድርጉበት። የኤሌክትሪክ ምድጃችሁ ዝቅተኛው ቁጥር እንኳን የሚበዛ ከሆነ እያጠፋችሁ እያበራችሁ ተጠቀሙ። ክዳኑን ግጠሙ።

በመጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ ሥጋውን የቀመሰ ሰው ይደነግጣል። ከገባበት ጊዜ ይልቅ ጠጥሮ ያገኘዋል። ይህ ትክክለኛ ምልክት ነው። ጡንቻው በሙቀት ተኮማትሯል፣ ጅማቱ ግን ገና መሟሟት አልጀመረም። ብዙ ድስት ተስፋ የሚቆረጥበት ወይም እሳት የሚጨመርበት ሰዓት ይህ ነው። አትንኩት። በየ30 ደቂቃው ሥሩን አማስሉ፣ ውሃው ከሥጋው በታች ከወረደ ከተቀመጠው ፍል ውሃ ጨምሩ።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዓት ሲሆነው በሹካ መሞከር ጀምሩ። ሹካው ሲገባ ትንሽ ከታገለ አትክልት የማስገቢያው ሰዓት ደርሷል። በቀላሉ ገብቶ በቀላሉ ከወጣ ትንሽ ዘግይታችኋል፤ አትክልቱን ቶሎ አስገቡ። ጨርሶ አልገባም ካለ ሌላ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ሥጋው ሳይደርስ አትክልት ማስገባት የዚህ ወጥ ትልቁ ጥፋት ነው። ድንቹ ፈርሶ ሥጋው እየታኘከ ይቀራል፤ ያኔ መመለሻ የለውም።

አትክልቱ በተራ ይገባል። ካሮቱን ሦስት አራት ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ መጀመሪያ አስገቡ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ድንቹን። ትንሽ ከሆነ ሙሉውን፣ መካከለኛ ከሆነ ሁለት ቦታ። አፈር ያለ ድንች ልጣጩን ልጣችሁ ውሃ ውስጥ አቆዩት እንዳይጠቁር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ፎሶሊያውና በትልልቁ የተቆረጠው ጥቅል ጎመን ከላይ ይደረብ። ጎመኑን አታማስሉት፤ ክዳኑን ግጠሙበት፣ በእንፋሎቱ ይበስላል። ከፍታችን ለአትክልቱም ይቆጠራል። ባሕር ጠለል ላይ 20 ደቂቃ የሚበቃው ድንች እዚህ 30፣ 35 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል።

ድንቹ ሲደርስ ንጥር ቅቤውን፣ ለሁለት የተሰነጠቀውን ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬውንና መከለሻውን ጨምሩ። ቅቤው ቀድሞ ቢገባ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ በሁለት ሰዓት እንፋሎት ወጥቶ ያልቃል። ለዚያ ነው መጨረሻ ላይ የማስገባው። ጨው ቅመሱ። 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክና አውጡት።

ወዲያው አታቅርቡት። ክዳኑ እንደተገጠመ 20 ደቂቃ ይረፍ። መረቁ ይሰበሰባል፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሥጋውም ያወጣውን ፈሳሽ በመጠኑ መልሶ ይይዛል።

ድስቱ ሲያስቸግር

መረቁ ከቀጠነ ዱቄት አታድርጉበት። ሁለት ቁራጭ ድንች አውጥታችሁ ፈጭታችሁ መልሱት፣ ይበቃል። ጨው ከበዛ ፍል ውሃና ተጨማሪ ድንች ጨምሩ፤ ድንቹ ጨውን የሚመጥ ሳይሆን ጨው ያልገባበት ምግብ ስለሚጨመር ነው የሚቀለው።

ሥሩ ማረር ከጀመረና ሽታው ከመጣ አታማስሉ። ከላይ ያለውን በጥንቃቄ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ ሥሩን አትፋቁ። ከተፋቀ ሽታው ወጡን በሙሉ ይይዘዋል።

መብራት ከጠፋባችሁ ክዳኑን አትክፈቱ። ድስቱን በወፍራም ፎጣና በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ሙሉ የሆነ ወፍራም ድስት ሙቀቱን ብዙ ይይዛል፤ መብሰሉም ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። መብራቱ ሲመጣ በደንብ አፍልታችሁ ቀጥሉ። ለሰዓታት ቆይቶ ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኛችሁትን ግን አትመኑት።

በኦቭን፣ በክሮክ ፖትና በፕሬዠር ኩከር

ኦቭን ካላችሁ ሥጋው ከፈላና አረፋው ከተገፈፈ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ 150 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አስገቡት። ሙቀቱ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ሥሩ የማረር ስጋቱ ይቀንሳል። ሰዓቱ ተመሳሳይ ነው። የሸክላ ድስት ከሆነ ቀዝቃዛ ኦቭን ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ላይ አሙቁት።

ክሮክ ፖት፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት፣ ሥራ ውለው ለሚገቡ ወላጆች ጥሩ ነው። ሽንኩርቱን ማቁላላት ግን አይቀርም። ጥሬ ሽንኩርት ክሮክ ፖት ውስጥ ከገባ ቀኑን ሙሉ ቢቆይም ያ ጣዕም አይመጣም። ማታ አቁላልታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ውሃውን በግማሽ ቀንሱ፤ ስለማይተን ይበዛል። ተራውም ይገለበጣል። በዝቅተኛው ሙቀት ድንችና ካሮት ከሥጋው ዘግይተው ስለሚበስሉ ከሥር ይነጠፋሉ፣ ሥጋው ከላይ። በዝቅተኛው 8 ሰዓት ያህል ይቆያል። ጎመኑ በመጨረሻው ሰዓት ይገባል።

ፕሬዠር ኩከር የከፍታውን ችግር ይፈታል። እንፋሎቱ ታፍኖ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ሥጋው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። እንፋሎቱን በሙሉ አስወጥታችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አትክልቱን እንደ ተራ ድስት አብስሉ። ቅቤና መከለሻው እንደ ወትሮው መጨረሻ ላይ ነው። ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ ይህን መንገድ የሚመርጡትን አልቃወምም። መረቁ ግን እንደ ዝግታው ድስት አይጠራም።

እስራኤል ያሉ ኮሸር የሚባለውን የአይሁድ የምግብ ሕግ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር ስለማይቀላቅሉ ቅቤው ይቀራል። በምትኩ ሁለት ተጨማሪ ማንኪያ ዘይት ከኮረሪማ፣ ከኮሰረትና ከቁንጥር አብሽ ጋር ለብ አድርጋችሁ፣ አጥልላችሁ መጨረሻ ላይ ብታፈሱበት መዓዛው ይመጣል።

ማቅረብና ማቆየት

እንጀራው ላይ መጀመሪያ መረቁን፣ ከዚያ ሥጋውንና አትክልቱን አውጡ። ለልጆች አጥንቱን ለይታችሁ ስጡ፤ የተሰባበረ ትንንሽ አጥንት እንዳይኖር እዩ። ቅልጥሙን ለትልቅ ሰው ማቅረብ የታወቀ ነው። የሚያቃጥል የሚፈልጉ ጎልማሶች አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ በጎን ይቅረብላቸው። እንጀራ በሌለበት ቤት በነጭ ሩዝ ወይም በድፎ ዳቦ ይሄዳል።

የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቡት፤ መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት። እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት የምትበሉትን ብቻ አውጥታችሁ በደንብ አፍሉ። ፍሪዘር ውስጥ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ድንቹን ለይታችሁ ብሉት፤ ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ ይሻክራል። ሥጋውና መረቁ ብቻቸውን ሁለት ወር በደንብ ይቆያሉ። በማግስቱ ጠዋት መረቁን አሙቃችሁ እንጀራ ፈትፍቱበት፤ ለልጆች ቁርስ የሚሆን አልጫ ፍትፍት ይወጣዋል።